የጤና መድን ብራችንን ማን ይጠይቅልናል? (ከድሬ የተከፈተ ክር፣ እስከ መልስ 38)

ክሩ ረዘመ። 38 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ እየታከተው ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ የከፈትኩት እኔ እንደመሆኔ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ላውራችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፤ የጻፉትን ማየት የፈለገ ወደ ላይ ይውጣ።

መጀመሪያ የእኔ ጥያቄ። ሰኔ ላይ እማዬን ይዤ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ሄድኩ። ስኳርም ግፊትም አለባት። የጤና መድን ደብተራችን ታድሷል፣ መዋጮው ተከፍሏል፣ ፎቶዋ ላይ ያረፈው ማኅተም ገና አልደበዘዘም። ካርድ ክፍል የደረስነው 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሐኪም ጋ የገባነው 5 ሰዓት። የድሬን የሰኔ ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ያን ያህል ኮሪደር ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሦስት መድኃኒት ጻፈላት። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ስንደርስ ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ አንዱን ሰጠችን፣ በሁለቱ ትይዩ «የለም» የሚል ቀይ ማኅተም አሳረፈች። በእስክሪብቶ አልጻፈችም። ማኅተም ነው፣ ለዚሁ ሥራ የተቀረጸ። እኔን ያንገበገበኝ የመድኃኒቱ መጥፋት አይደለም። መጥፋቱ ማኅተም እስኪቀረጽለት ድረስ መለመዱ ነው።

ከውጭ 1,150 ብር ከፍለን ገዛን። ማታ ቴሌቪዥን ስከፍት የተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አንድ መሥሪያ ቤት አቅርቦ ስለ ያልተወራረደ ሂሳብ ይጠይቃል። ኃላፊው ውሃ ይጠጣል፣ ወረቀት ያገላብጣል፣ ችግሩን ወርሰነው ነው ይላል። እኔም ስልኬን አንስቼ ጻፍኩ። እነዚህ ሰዎች የእኛን የመድን መዋጮ ያዩታል ወይ? ካላዩትስ ማን ያየዋል? ሌላ ነገር አላልኩም።

ቁጥር 1 ላይ የመለሱልኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ትሕትናቸው ያስቀናል። ለእማዬ ምሕረት ለምነው ነው የጀመሩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ማስተማር ገቡ። ምክር ቤቱ ራሱ ኦዲት እንደማያደርግ አስረዱ። ሂሳቡን የሚመረምረው ዋናው ኦዲተር ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል፣ ሪፖርቱም ለምክር ቤቱ ይቀርባል። በቴሌቪዥን ያየሁት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ መሆን እንዳለበት ገመቱ። የኮሚቴው ሥራ ኦዲተሩ ያገኘውን ይዞ ባለሥልጣኑን ፊት ለፊት መጠየቅ ነው። እሳቸው እንዳሉት ኦዲተር ያላየውን ኮሚቴ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ጥያቄዬ መጀመር ያለበት ኦዲተር ያንን ሂሳብ ከፍቶ ያውቃል ወይ ከሚለው ነው።

ቁጥር 2 አንድ መስመር ነበር። ስድብ ነው። ዘለልኩት።

ቁጥር 3 ላይ የመጣችው በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል 11 ዓመት የሠራች ሴት ናት። ያለ እሷ ይህ ክር ገና በአምስተኛው መልስ ይሞት ነበር። ሁለት ቦርሳ አደባልቀሃል ብላ ነው የጀመረችው። አንደኛው ቦርሳ በጀት ነው፤ ከግምጃ ቤት ይወጣል፣ በአዋጅ ይጸድቃል፣ ሰኔ 30 ላይ ይዘጋል። ሁለተኛው መዋጮው ነው፤ ቤተሰብ በዓመት አንዴ የሚያወጣው፣ ለመታመሚያ ቀን ተብሎ በራሱ የባንክ ሂሳብ የሚቀመጥ። ግን ሁለተኛው ቦርሳ ውስጥ የመንግሥትም እጅ አለበት። ፌዴራል መንግሥት በመዋጮው ላይ ድጎማ ይጨምራል፣ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ የየአካባቢው አስተዳደር ይከፍልላቸዋል። ስለዚህ የእድር ብር አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ኦዲትም ይገባዋል። የፌዴራል ኦዲተር ለክልሎች የሚላከውን ድጎማ መመርመር እንደሚችልም ጨመረች። እዚህ ላይ አንድ ሰው ልብ ምልክት ሰጣት፤ እኔ ነኝ።

ከዚያ ቁጥር 4 ገባ። ይሄ ልጅ የገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ነኝ ይላል፣ ቁጣው ከዚያ ይምጣ ከሌላ አላውቅም። የኦዲት ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው አለ። ብሩ የወጣበት ዓመት አልፎ፣ ኃላፊው ተዛውሮ፣ አንዳንዱም ጡረታ ወጥቶ ነው ሪፖርቱ የሚነበበው። ተጠያቂ ተብሎ የሚቀርበው ሰው ሁልጊዜ ወረስኩት የሚል ነው። እዚህ ጋ በልቤ ያ ውሃ የሚጠጣው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወደ ወንበር ቆጠራ ሄደ። 547 ወንበር ካለው ምክር ቤት የድሬ ድርሻ 2 ነው፤ ሁለት ሰው እንኳን ለመጠየቅ ለመሳልም አይበቃም አለ። እውነቱን ለመናገር ሳቅኩ።

ቁጥር 5 ግን አልሳቀም። ክሩን የቀየረው ይሄ መልስ ነው። ረጅም ነው፣ ትንሽ ይደርቃል፣ ጸሐፊው ሕግ የተማረ ይመስላል። የሚለው ይህ ነው፦ ሁላችንም አራት ኪሎን እየጮህንበት ያለነው በከንቱ ነው። ድሬዳዋ በ1996 በወጣው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416፣ የራሷ ምክር ቤት አላት። የአስተዳደሩን በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው። አስተዳደሩ የራሱ ዋና ኦዲተር አለው። የጤና መድኑን እዚህ መሬት ላይ የሚያንቀሳቅሰው አስተዳደሩ ከሆነ የመጀመሪያ ተጠያቂም እዚሁ ነው። አፍንጫችን ሥር ያለውን ምክር ቤት አንድ ቀን ሄደን ሳንጠይቅ የፌዴራሉን ተወካይ መርገም ይቀለናል፤ ምክንያቱም እሱ ሩቅ ነው፣ አይሰማንም፣ ነገ ገበያ ላይ አያገኘንም። ይህን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። እኔ ራሴ የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ አንድ ቀን ተከታትዬ አላውቅም። መቼ እንደሚሰበሰብም አላውቅም ነበር።

ቁጥር 6 የቁጥር 4 ልጅ ተመልሶ ነው። የከተማው ምክር ቤት አንድ ኃላፊ ፊት ለፊት ሲያፋጥጥ ያየ ካለ እጁን ያውጣ አለ። ማንም አላወጣም። ሕግ ያጠናውም ለሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ።

በመሀል ቁጥር 7 ላይ የባጃጅ ሹፌሩ መጣና ነገሩን ወደ መንገድ አወጣው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሳቢያን ሲወርድ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመለስ ገጨው። እግሩ ተሰበረ። አይሱዙው የሦስተኛ ወገን መድን ነበረው፣ ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ነው። ካሳው እጁ እስኪገባ ግን ስምንት ወር ፈጀ። የዚያን ጊዜው አዋጅ 799/2005 ነው፤ ለአካል ጉዳትም ለሞትም የካሳው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር። ሁለት ሺውን በመጀመሪያው ሌሊት ጨረስኳት አለ። እሱን የሚያናድደው ገንዘቡ አይደለም። ስቲከር ሳይለጥፉ ከተገኙ ቅጣቱ የዚያኑ ዕለት ነው፤ መድኑ ሲከፍል ግን ስምንት ወር። ይቺን ነገር ሁለት ጊዜ ደገማት። ሰውም ወደደለት፤ እስካሁን በክሩ ከፍተኛውን ልብ ያገኘው የባጃጅ ሹፌሩ ነው። አቦ፣ ይገባዋል።

ቁጥር 8 በአክብሮት አረመው። የመኪናው መድን ሌላ፣ የጤናው ሌላ። የመኪናው የንግድ ውል ነው፤ መድን ሰጪዎቹን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ የካሳ ክርክርም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከበጀት ጋር ሰላምታም የለው። አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ጣል አደረገ። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ጉዳት የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሹፌሩ ራሱ አያውቅም ነበር። በአንድ መስመር አመሰገነና ስንት ጓደኞቹ ሳይጠይቁ እንደቀሩ ጻፈ።

መምህሩ ቁጥር 9 ላይ ተመለሱ፤ ይህን ጊዜ ትዝታቸውን ይዘው። 1967 ላይ 13 የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል አንድ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት እንደሆኑ አወሩ። የግል መድን ተመልሶ የተፈቀደው በ1986 ነው፣ በአዋጅ 86። ከዚያ ስለ ድሮ ደመወዛቸው፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ከዚራ ዛፎች ጥላ ቀጠሉ። ሦስት አንቀጽ። ማንም አላቋረጣቸውም። ቁጥር 10 ብቻ በትሕትና፣ መድን ድርጅቱ የመንግሥት ከሆነ እሱንስ ፓርላማ ይጠይቀዋል ወይ ብሎ መለሳቸው። መልሱ ከፋይናንስ ሠራተኛዋ መጣ፣ ቁጥር 11። ድርጅቱ ከበጀት አይበላም፣ ያተርፋል። የመንግሥት ድርጅቶችን በሚያስተዳድረው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው ያለው፤ የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን ሂሳብ የሚመረምረው ደግሞ የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን ነው። እሷ የምትፈራው የሚያተርፈውን አይደለም። ያተረፈ ሁሉም ያየዋል አለች። የሚያፈሰው ነው ጠያቂ የሚያጣው።

ከ12 እስከ 16 ያለውን ካላነበባችሁ የቀረባችሁ ነገር የለም። ወይም ሁሉም ነገር ቀርቷችኋል፣ እንደ ረሃባችሁ። አንድ የሐረር ልጅ መጣና ድሬዎች ሙቀቱ ጭንቅላታችሁ ላይ ወጥቶ ነው ስለ ኦዲት የምታወሩት አለን። አንዱ ሐረር ላይ ኦዲት የሚደረገው ሑልበት መረቅ ብቻ ነው ብሎ መለሰለት። ከዚያ ሑልበት፣ ከዚያ ሙሸበክ፣ ከዚያ የማን ሙሸበክ ይጣፍጣል። ሁለት ሰዎች ሊጣሉ ደረሱ። በሙሸበክ!

ቁጥር 17 ሲመጣ ግን ክሩ ዝም አለ። አንዲት ሴት ናት፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጻፈችም። የ1998ን የደቻቱ ጎርፍ ነው ያነሳችው። ከ200 በላይ ሰው የሄደበትን ሌሊት። አባቷ ወንዙ ዳር አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው። ስኳርና ዘይት፣ ጥቂት ጨርቅ። ሰው አልሞተባቸውም፣ አልሐምዱሊላህ ብላለች። ሱቁ ግን ሄደ። የተረፈው የዱቤ ደብተሩ ብቻ ነው። አባቷ ደብተሩን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዘርግተው ገጽ በገጽ ያደርቁት ነበር፣ ነፋስ እንዳይገለብጠው በየገጹ ጠጠር አስቀምጠው። ሲደርቅ ቀለሙ ፈሶ ስሙ ሁሉ አንድ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። ማን ስንት እንዳለበት አይነበብም። ግማሹ ባለዕዳ ራሱ መጥቶ ያለበትን ተናግሮ ከፈለ፤ ግማሹ አልመጣም። እና የሷ ነጥብ ይህ ነው፦ ቤታቸው ውስጥ መድን የሚለው ቃል ተነስቶ አያውቅም ነበር። አንድም ጎረቤት አልነበረውም። መድን የሌለው ሕዝብ አደጋ ሲደርስበት የሚሄደው መንግሥት ጋ ነው፤ ድንኳን፣ ዱቄት፣ ቤት፣ ሁሉም ከበጀት። ስለዚህ የመድን ጉዳይ የግል ጉዳይ ነው የሚለው እውነት አይደለም፤ እኛ ያልከፈልነውን ዓረቦን (የመድን ክፍያ) ግምጃ ቤቱ በአንድ ሌሊት ይከፍለዋል።

እኔ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ክሩ ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ ምን ይጻፋል።

ዝምታውን የሰበረችው ቁጥር 18 ናት፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ። የት እንደምትሠራ አልተናገረችም፣ ባትናገርም ይሻላል። እሷ በእኔ ላይ ነው የመጣችው፣ በስለታም ቃል። ተቋሙ መድን ላለው ሰው መጀመሪያ በራሱ ወጪ ያክማል፣ መድኃኒቱን ይሰጣል፤ ከዚያ ወረቀቱን ሰብስቦ በየሩብ ዓመቱ ለመድኑ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። ወረቀቱ ይመረመራል፤ ፊርማ የጎደለው ይመለሳል፣ ምርመራና መድኃኒቱ ያልተስማማው ይቆረጣል። ክፍያው ሲዘገይ ተቋሙ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል፣ መደርደሪያው ይራቆታል። የዚያን ጊዜ ስድቡን የምትቀበለው መስኮት ጋ የተቀመጠችው ልጅ ናት። እና ማኅተሙ! እኔ የቀለድኩበት ማኅተም። እሱ የተቀረጸው ለእኔው ነው አለች። ያ ማኅተም ከሌለበት መድኃኒቱ በእርግጥ እንዳልነበረ ማስረጃ የለኝም፣ ማስረጃ ከሌለኝ ደግሞ ከውጭ የገዛሁበትን ብር ማስመለስ አልችልም። ደረሰኙንና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዤ ሄጄ ጠይቄ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አልጠየቅኩም። ቁጥር 19 ላይ እንደማላውቅ አምኜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ብር ተመላሽ እንደሚደረግ ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር። አለመጠየቄም ጥፋት ነው። እማዬ ወረቀቱን ምን አድርጋው ይሆን ብዬ ጭንቅ ያዘኝ፤ እሷ ወረቀት ካገኘች ከሰል ታያይዝበታለች፣ በረከቦቱ ሥር ታነጥፋለች።

20 እና 21 የፋይናንስ ሠራተኛዋ ትምህርት ነው። ለእኔ ዋናው ቦታ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረጋ እንበል። የኦዲት ሪፖርት ስታነቡ የብሩን ብዛት አይታችሁ አትደንግጡ አለች፤ መጀመሪያ አስተያየቱን ፈልጉ። ነቀፌታ የሌለበት ከሆነ ሂሳቡ ባጠቃላይ ልክ ነው ማለት ነው። ከተወሰኑ ጉዳዮች በስተቀር የሚል ካለው በጠቅላላው ደህና ሆኖ የተጠቀሱ ቀዳዳዎች አሉበት። ተቃራኒ አስተያየት ከተሰጠበት ሂሳቡ እውነቱን አያሳይም። የመጨረሻው፣ አስተያየት መስጠት አልተቻለም የሚለው፣ ለሷ ከሁሉም ይከፋል፤ ኦዲተሩ ሰነድ ጠይቆ አጣ ማለት ነው። ሌባ ሰነድ ይሠራል፣ ሰነድ የሌለው ግን ሌባም ይሁን ሰነፍ አይለይም።

ያልተወራረደ የሚለውንም ቃል ፈታችልን። ሰው ሁሉ የተበላ ብር ይመስለዋል። ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ለሥራ ተብሎ ቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ ነው፤ ሰውየው መስክ ወጥቷል፣ ውሎ አበሉን በልቷል፣ ደረሰኙን አላመጣም። ከስሙ ላይ አልተነሳም። እቃ ተገዝቶም ሞዴል 19 የሚባለው ደረሰኝ ካልተቆረጠለት በወረቀት መጋዘን አልገባም፤ ሞዴል 22 ካልተቆረጠለት አልወጣም። እሷ አንድ ጊዜ መጋዘን ውስጥ ቆማ በዓይኗ የምታየው አራት ጄነሬተር በመዝገብ የለም ተብሏል። በሌላ ጊዜ ደግሞ መዝገብ ላይ ያለ ፍሪጅ ፍለጋ ሦስት ቢሮ ዞራለች። እስካሁን አልተገኘም።

ከዚያ ጠብ መጣ። ቁጥር 22 ካድሬ ነሽ አላት። መንግሥትን ለማዳን ቃል ትፈልጫለሽ ማለቱ ነው። ቁጥር 23 የሷ መልስ ነው፤ አጭርና ስለታም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎዶሎ ደረሰኝ እየመለሰች ስንት አለቃ እንዳስቀየመች፣ ስንት ጊዜ ወደማታውቀው ክፍል እንደተዛወረች ዘረዘረችለት፤ አንተስ ምን መልሰህ ታውቃለህ ብላ ጨረሰች። 24 እና 25 የሉም። አስተዳዳሪው አጠፋቸው። አንብቤያቸው ነበር፣ ጥሩ አደረገ። እኔ ግን ከሷ ጎን ነኝ፤ በዚህ ክር ውስጥ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ቁጥር 26 በጀቱን ሊያሳየን ብሎ የ2018ቱ 1.93 ቢሊዮን ብር ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥር 27 ትሪሊዮን ነው ብሎ አረመው፣ ሦስት ዜሮ ውጠህ እንዴት ታድራለህ ብሎም ቀለደበት። ዝም ብሎ ቀልድ አይደለም ግን። 27 ቀጥሎ ያለው እኔን አሳስቦኛል። የ2017 በጀት ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወደ 582 ቢሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። ከዋናው ግማሽ በላይ! ዋናው በጀት ራሱ ምክር ቤት ገብቶ የሚጸድቀው በሳምንታት ውስጥ ነው፣ ሐምሌ 1 ሳይደርስ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያንን ሁሉ ገጽ ማን ነው መስመር በመስመር የሚያነበው ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 4 (ያው የገንደ ቆሬው) እጅ ለማውጣት ማንበብ አያስፈልግም ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መስመር ተናገረ።

ቁጥር 28 ትንሽ ፍትሐዊ ለመሆን ሞከረ። አቶ ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩበት ጊዜም ሆነ አሁን በወ/ሮ መሠረት ዳምጤ ጊዜ ሪፖርቱ በአደባባይ ይነበባል፣ መሥሪያ ቤት በስሙ ይጠራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም አለ። ችግሩ ኦዲተር አያስርም፤ ያገኘውን ይናገራል። ከተናገረ በኋላ የሚከተለው የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ እዚያ ጋ ነው ገመዱ የሚላላው።

29 ላይ መምህሩ ስለ ሌላው የጤና መድን ጠየቁ፣ ለደመወዝተኛው ስለታሰበው። አዋጅ 690 የወጣው በ2002 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣል ተብሎ ነበር። ጡረተኛውም አልተረሳም። አዋጁ ሲወጣ እሳቸው ገና ክፍል ይገቡ ነበር፤ ዓመት ዓመትን ወለደ፣ እሳቸው ጠመኔ አስቀምጠው ወጡ፣ አዋጁ መሬት አልወረደም። ላም አለኝ በሰማይ ብለው ተዉት፤ ቀሪውን እናንተ ጨርሱት በሚል ዓይነት።

ከ30 እስከ 33 ስለ እግር ኳስ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ አትጠይቁኝ።

ቁጥር 34 ላይ ሕግ ያጠናው ሰው ብቅ አለ። ጠፍቶ የነበረው አኩርፎ አይደለም ለካ፤ የመድኑን ቢሮ በአካል ሄዶ ጠይቋል። የሦስት ዓመት የመዋጮ ሂሳብ ኦዲት ተደርጎ እንደሆነ፣ ሪፖርቱም ለከተማው ምክር ቤት ቀርቦ እንደሆነ። የመለሱለት በጽሑፍ ጠይቅ የሚል ነው። በጽሑፍ ጠየቀ። መዝገብ ቤት ሄዶ ግልባጩ ላይ ገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመታ። የማኅተሙን ፎቶ ለጥፏል፤ ጠርዙ ላይ የቀኑ ቀለም ትንሽ ፈሷል። ግልባጭ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት እንዳለውም ታች ላይ ይነበባል።

ቁጥር 35 ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገንደ ቆሬው ልጅ። አልተሳለቀም። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ የእሱም ፊርማ ቢገባ ቅር ይለው እንደሆነ ነው የጠየቀው። 36 የባጃጅ ሹፌሩ ነው፤ ከባጃጅ ተራው አሥር ሰው እንደሚያስፈርም፣ ግን ደብዳቤው ውስጥ የስምንት ወሩም ነገር እንዲገባ። ሕግ ያጠናው ያ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍ አለ፣ ቁጥር 37። እዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቁ፤ ገና አልጨረሱም። እስከዛሬ ለመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አልመጣም።

38 እኔ ነኝ። ወረቀቱን አገኘሁት። ረከቦቱ ሥር አልነበረም፣ እማዬ ሽልንግ ከምትቋጥርበት መሐረብ ጋር አስቀምጣዋለች። ትናንት ጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ማኅተሙን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነው አለ። ደረሰኙንም አየ። ከዚያ ወረቀቱን በጣቱ እየገፋ መለሰልኝ። ደረሰኙ ላይ የታማሚዋ ስም የለም፤ የተጻፈው የኔ ስም ነው፣ የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ። በእማዬ ስም አስለውጠህ አምጣ አለኝ። ፋርማሲው ሄድኩ፤ የዚያን ቀን የጻፈልኝ ልጅ ለበዓል ወደ ሐረር ሄዷል፣ ሰኞ ይመለሳል አሉኝ። ሰኞ እሄዳለሁ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ እያነበብሽ ከሆነ፣ ሌላ የሚጠይቁኝ ወረቀት ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ።